ከበሮዬ ኳኳታ ብቻ ሆነብኝ፤ በፋሚትራከር ችክችካ የሞከረ ሰው አለ?

ጀማሪው_8ቢት፦

ሰላም ቤተሰብ።

ቺፕቱን (በድሮ የጌም ማሽን ድምፅ የሚሠራ ሙዚቃ) መሥራት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። የምጠቀመው ፋሚትራከር የሚባለውን ፕሮግራም ነው፣ የድሮውን የፋሚኮም ጌም ማሽን ድምፅ የሚያወጣውን። ተጨማሪ ቺፕ አላበራሁም። ያሉኝ አምስቱ ቻናሎች ብቻ ናቸው፦ ሁለት ፐልስ (ለዜማ)፣ አንድ ትራያንግል (ለቤዝ)፣ አንድ ኖይዝ (ሹሹታ) እና ዲፒሲኤም (የተቀዳ ድምፅ ማጫወቻ)። የመጨረሻውን እስካሁን ነክቼው አላውቅም።

ዜማው ብዙ አያስቸግረኝም። ክራር ትንሽ እነካካለሁ፣ ስለዚህ ቅኝቱ ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን የያዝኩት ሥራ በትዝታ ማይነር ነው፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ምቱ ደግሞ ችክችካ። ዜማውንና ቤዙን ብቻ ሳደምጣቸው በጣም ደስ ይሉኛል። ከበሮ ስጨምርበት ግን ሁሉም ነገር ይበላሻል።

መጀመሪያ ኪኩ (ወፍራሙ ምት) ክብደት የለውም። ኖይዙን ወደ ታች አውርጄ ነው የሠራሁት፣ ግን የሚሰማው እንደ ንፋስ ነው፣ አይመታም። ስኔሩና (ጠንካራው ምት) ሃይ-ሃቱም (ቀጭኑ የሳህን ድምፅ) አይለያዩም፣ አንዱ ጮክ ያለ ሌላው ዝግ ያለ ከመሆኑ በቀር። ሃይ-ሃቱን በየረድፉ ነው ያስገባሁት።

ሁለተኛ ሚክሱ፣ የድምፆቹ ሚዛን። ሁሉም ቻናል ቮሊዩሙ 15 ነው፣ ምክንያቱም የቱን መቀነስ እንዳለብኝ አላውቅም። በኤርፎን ሲሰማ ቤዙ ሁሉን ይሸፍናል። በስልክ ስፒከር ሲሰማ ቤዙ ጭራሽ ይጠፋና ኖይዙ ጆሮ ይበሳል። እህቴ ሰምታ ያለችኝ "ዜማው ያምራል፣ ግን ከኋላ የሚንሿሿው ምንድነው?" ነው። ያ የሚንሿሿው ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ከበሮ ነው።

ሦስተኛውን እንዴት እንደምገልጸው እንጃ። ምቱ በየተወሰነ ጊዜ ይደናቀፋል። አንድ ዓይነት ነገር ነው የጻፍኩት፣ ግን የሆነ ቦታ ላይ እግሩን እንደሚስት ሰው ይሆናል። ምናልባት ጆሮዬ ይሆናል።

ቴምፖው 150፣ ስፒዱ 10 ነው (ቁጥሩ ሲበዛ ይዘገያል)፤ መጀመሪያ የነበረው 6 ሲሮጥብኝ ነው የቀየርኩት። አንድ ዙር ምት 6 ረድፍ (ኖት የሚጻፍበት መስመር) ነው። ፓተርኑ፣ የረድፎቹ ገጽ፣ እንደነበረ 64 ረድፍ ነው። ከየት ልጀምር?


ስምንተኛው_ቲክ፦

ሰላም ወንድሜ። ከሦስተኛው ልጀምርልህ፣ ምክንያቱም ጆሮህ ትክክል ነው። 64ን ለ6 አካፍለው። 10 ይደርስና 4 ይተርፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፓተርን መጨረሻ ላይ አንድ ዙር ምት በ4 ረድፍ ይቆረጥና ቀጣዩ ፓተርን እንደገና ከ1 ይጀምራል። የሚደናቀፈው እዚያ ጋ ነው። 64 የተመረጠው በ4 ለሚቆጠር ሙዚቃ ነው፣ ለእኛ ምት አይሆንም።

የፓተርኑን ርዝመት 48 አድርገው። እግረ መንገድህን ስፒዱን ከ10 ወደ 5 አውርደውና አንዱን ዙር ከ6 ረድፍ ወደ 12 ረድፍ ዘርጋው። ፍጥነቱ አይለወጥም። ፋሚትራከር በሰከንድ 60 ቲክ (ትንሿ የጊዜ እርምጃ) ነው የሚሄደው፣ በቴምፖ 150 ስፒድ 5 ማለት ደግሞ አንድ ረድፍ 5 ቲክ ይወስዳል ማለት ነው። በሰከንድ 12 ረድፍ። አንድ ዙርህ ልክ 1 ሰከንድ ይሆናል፣ አሁንም እንደዚያው ነው፣ ግን በምቶቹ መካከል የምትጽፍበት ቦታ እጥፍ ሆነልህ። 48 ረድፍ ደግሞ ንጹህ አራት ዙር ነው። የረድፍ ማድመቂያውንም ከ4 እና 16 ወደ 6 እና 12 ቀይረው፣ ዓይንህ ምቱን እንዲያይ። እኔ ይህን ሳላደርግ ብዙ ወራት ሠርቻለሁ፣ ስክሪኑ በ4 እያሳየህ በ6 ማሰብ አእምሮ ያደክማል።

አሁን ወደ ኪኩ። ኖይዝ ብቻውን ኪክ አይሆንም። ክብደት የሚመጣው ቶሎ ከሚወድቅ ድምፅ ነው፣ ይህንን ደግሞ በዚህ ቺፕ ላይ በደንብ የሚሠራልህ ትራያንግሉ ነው። አዲስ ኢንስትሩመንት ክፈት። የአርፔጂዮ ተርታው ላይ (ኖቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዝርዝር) በየቲኩ እንዲህ ጻፍ፦ 0፣ -6፣ -12፣ -17፣ -21። ቮሊዩሙ ላይ 15 አምስት ጊዜ፣ ከዚያ 0። ከመካከለኛ ኖት ጀምረህ ምታው። አምስት ቲክ ማለት አንድ ረድፍ ሙሉ ነው፣ ከ1 ሰከንድ አንድ አሥራ ሁለተኛ። በዚያች ቅጽበት ድምፁ ወደ ሁለት ኦክታቭ ገደማ ይወርዳል፣ ጆሮ ደግሞ እንደ ዜማ ሳይሆን እንደ ምት ነው የሚሰማው። ቁጥሮቹን እንደ ሕግ አትያዛቸው፣ ቀይራቸው፣ አንዱን ቲክ ብቻ ስትነካ እንኳ ከበሮው ሌላ ከበሮ ይሆናል።

ከላዩ ኖይዙ ላይ በጣም አጭር ነገር ጨምርበት፦ ቮሊዩም 10፣ 4፣ 0። ይሄ ቆዳው ላይ እጅ ሲያርፍ የሚሰማው "ጠ" ነው። በስልክ ስፒከር ላይ ኪክ እንዳለ የሚያስታውቀው ይሄ ብቻ ነው፣ ትራያንግሉማ እዚያ ብዙም አይወጣም።

"ትራያንግሉ ላይ ቤዝ አለኝ እኮ" ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ይጋራሉ። ኪኩ ያለበት ረድፍ የኪኩ ነው፣ ቤዙ በቀጣዩ ረድፍ ይመለሳል። ስትሰማው ቤዙ ዘግይቶ የመጣ አይመስልም፣ ኪኩና ቤዙ አንድ ላይ የተመቱ ነው የሚመስለው። በኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ዘመን የነበሩ ሰዎች ሦስት ድምፅ ብቻ ነበራቸው፣ ሮብ ሃበርድን የመሰሉት የጌም ሙዚቃ ደራሲዎች በአንድ ቻናል ላይ ከበሮና ቤዝ እያፈራረቁ ነው ያን ሁሉ የሠሩት።

ስኔር፦ ኖይዝ ላይ ቮሊዩም 13፣ 10፣ 8፣ 6፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0። የመጀመሪያው ቲክ ከፍ ካለ ኖት ይጀምር፣ ሌላው ከሱ 3 ያህል ዝቅ ይበል። ከሥሩ ትራያንግል ለ2 ወይም 3 ቲክ ጨምርለት፣ ከኪኩ ከፍ ብሎ የሚጀምር። ያኔ ሆድ ይኖረዋል።

ሃይ-ሃት፦ 8፣ 4፣ 1፣ 0። በቃ። ኖይዙ 16 ደረጃ ኖት አለው፣ ለሃይ-ሃት ከላይኛው ጫፍ አካባቢ ውሰድ፣ ስኔሩን መካከል ተው። አሁን የማይለያዩልህ ሁለቱም አንድ ደረጃ ላይ ስላሉና ርዝመታቸው ስለተቀራረበ ይመስለኛል። ከበሮን ከከበሮ የሚለየው ጩኸቱ ሳይሆን እንዴት እንደሚሞት ነው።

አንድ ተጨማሪ። ኖይዙ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከ32767 እርምጃ በኋላ ነው ራሱን የሚደግመው፣ ስለዚህ ሹሹታ ይመስላል። ሌላው በ93 እርምጃ ይደግማል፣ እሱ የብረት ድምፅ ይሰጣል። የዱቲ (የድምፁ ቀለም) ተርታው ላይ 1 ብትጽፍ ታገኘዋለህ። እኔ ቀንሼ ስጠቀመው ጸናጽል የሚመስል ነገር አወጣበታለሁ። በብዛት ከገባ ግን ያሰለቻል።


ፐልስ25፦

ቲክ ስለ ከበሮው የሚበቃውን ብሏል፣ እኔ ስለ ሚክሱ ልጨምር። ይሄ ነገር እኔንም ብዙ ስላስለቀሰኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ዋናው ነገር፦ ትራያንግል ቮሊዩም የለውም። ወይ አለ ወይ የለም። ፋሚትራከር ላይ 15 ብትጽፍም 3 ብትጽፍም ያው ነው፣ 0 ስትጽፍ ብቻ ይጠፋል። ስለዚህ "ቤዙ ሁሉን ይሸፍናል" ስትል ቤዙን መቀነስ አትችልም ማለት ነው። ሌሎቹን ነው ከሱ ጋር የምታስማማው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። ዜማውን 15 ላይ ያስቀምጥና ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ላይ እየተጋፋ ይጮኻል፣ ከ15 በላይ ደግሞ መሄጃ የለም።

እንዲህ አድርግ። ሁሉንም ቻናል ዝጋ። ትራያንግሉን ብቻ ክፈት። የኮምፒውተርህን ድምፅ ዝቅ አድርግ፣ አጠገብህ ሰው ቢያወራ የምትሰማው ያህል። ከዚያ የዜማውን ፐልስ ክፈትና ከ8 ጀምረህ ወደ ላይ አንድ አንድ ጨምር። ዜማው ከቤዙ ፊት ቆሞ የሚታይበት ቁጥር ላይ ስትደርስ አቁም። እኔ ጋ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 11 ነው። ሁለተኛውን ፐልስ ከሱ ግማሽ ግድም፣ 5 ወይም 6። ኖይዙን መጨረሻ ክፈት፣ እሱንም ከ0 ጀምረህ እስኪሰማ ድረስ ብቻ አምጣው። ከበሮ እንዳለ ስታውቅ ይበቃል። "ከበሮው ጎልቶ ይሰማ" ብለህ ስትጨምር ነው ያ የሚንሿሿው የሚመጣው።

የረድፉ ቮሊዩምና ኢንስትሩመንቱ ውስጥ ያለው ቮሊዩም ይባዛሉ፣ ከዚያ ለ15 ይካፈላሉ። የቲክ ሃይ-ሃት በ8 ነው የሚጀምረው። ረድፉ ላይ 15 ከጻፍክ 8 ሆኖ ይወጣል። 8 ከጻፍክ 4 ይሆናል። 4 ከጻፍክ 2። ስለዚህ አንድ ሃይ-ሃት ሠርተህ በረድፉ ቮሊዩም ብቻ ጠንካራና ለስላሳ ምት ታወጣበታለህ፣ ሦስት ኢንስትሩመንት መፍጠር አያስፈልግህም።

ሁለቱ ፐልሶች አንድ ዓይነት ዱቲ ላይ ከሆኑ ይጣላሉ። ዱቲው አራት ምርጫ አለው፣ 12.5፣ 25፣ 50 እና 75 በመቶ። 25ና 75 ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ስለዚህ በተግባር ሦስት ቀለም ነው ያለህ። ለዜማው 25ን እወዳለሁ (ስሜም ከዚያ ነው)። ለሁለተኛው 50 ወይም 12.5 ሞክር። 12.5 ቀጭን ስለሆነ ከኋላ ሲቀመጥ አይጋፋም።

ሁለተኛው ፐልስ ላይ ብዙ ሥራ ከሌለህ ዜማውን ራሱን ገልብጠህ ዘግይቶ እንዲመጣ አድርገው፣ ቮሊዩም 4 ላይ። ያ ማሚቶ ቦታውን ሰፊ ያደርገዋል። ግን መዘግየቱ 2 ወይም 4 ረድፍ ይሁን። 3 ካደረግከው በምቶቹ መካከል ይወድቅና የችክችካውን አካሄድ ያደበዝዘዋል። በ4 የሚቆጠር ሙዚቃ ላይ 3 ጥሩ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉት ትምህርቶችም 3 በል ይሉሃል፣ ለዚህ ምት ግን አትስማቸው።

ስልክ ላይ ቤዙ የሚጠፋው ትራያንግል ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያለው ነገር በጣም ደካማ ስለሆነ ነው። ፐልስ ዝቅ ቢል እንኳ ከላይ የሚንቀጠቀጥ ብዙ ነገር አለው፣ ትንሿ ስፒከር እሱን ይዛ ታሰማሃለች። ትራያንግል ይህ የለውም። በዚያ ላይ በዚህ ቺፕ ያው ኖት በትራያንግል ሲመታ ከፐልሱ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ቤዝህን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገህ ስማው። በኤርፎን የሚሸፍነውም ይቀንሳል፣ በስልክም ይመጣል። አንድ እርምጃ ሁለቱን ችግር ይፈታልሃል።


የድሮ_ድራመር፦

ልጄ፣ እኔ ስለ ቺፑ ምንም አላውቅም። ልጄ ናት ይህን ያሳየችኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ በባንድ ውስጥ ድራም ስመታ ኖሬያለሁ፣ ችክችካን ግን ከዚያ በፊት በሠርግ ቤት ከከበሮ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ስለ ምቱ ብቻ አንድ ነገር ልበል።

"ሃይ-ሃቱን በየረድፉ ነው ያስገባሁት" ብለሃል። ችግሩ እሱ ነው። እስከ ስድስት ቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አሁን 2ንና 5ን አፍህ ውስጥ ዋጣቸው፣ አትጥራቸው። አንድ... ሦስት አራት... ስድስት አንድ... ሦስት አራት... ስድስት። ሰማኸው? ሦስት ወደ አራት ይገፋል፣ ስድስት ወደ አንድ ይገፋል። ችክችካ እዚያ ግፊት ውስጥ ነው ያለው። 2ንና 5ን በሌላው እኩል ስትሞላቸው ግፊቱ ይጠፋል፣ የሚፈጭ ማሽን ይሆናል።

ከበሮ ሁለት አፍ አለው። ሰፊው አፍ ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን። እኔ ስመታ 1 ላይ ሰፊውን፣ 4 ላይ ጠባቡን ነው፤ 3ና 6 ላይ ጣቴ ብቻ ነካ ያደርጋታል። እኩል አይመቱም። 3ና 6ን የምትሰማቸው ስትፈልጋቸው ብቻ መሆን አለበት፣ ግን ብታወጣቸው ሰው ወዲያው መጨፈር ያቆማል። በጣም ረጅም ሌሊት የመታሁ ጊዜ መጀመሪያ የሚደክመኝ እነሱን የሚነካው እጄ ነው፣ ትልቁን የሚመታው አይደለም።

ሌላው፣ ጠባቡ አፍ ትንሽ ይዘገያል። በጣም ትንሽ። አንተ ቀድሞ እንዲመጣ ካደረግከው ሙዚቃው ይጣደፋል።


ስምንተኛው_ቲክ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄ እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል።

ለጀማሪው ወደ ረድፍ ልመልሰውና፦ 12 ረድፍ ሲሆን፣ ከ0 ስንቆጥር፣ 1 ያሉት ረድፍ 0 ነው፣ 3 ያሉት ረድፍ 4፣ 4 ያሉት ረድፍ 6፣ 6 ያሉት ረድፍ 10። ረድፍ 0 ላይ ኪኩን አድርግ፣ እሱ ሰፊው አፍ ነው። ረድፍ 6 ላይ ጠባቡን አፍ። ለሱ አዲስ የትራያንግል ኢንስትሩመንት ሥራ፣ ከኪኩ ከፍ ያለ ኖት፣ 3 ቲክ ብቻ፣ 0፣ -3፣ -5። ከላዩ ኖይዝ 9፣ 4፣ 1፣ 0። ረድፍ 4ና 10 ላይ ሃይ-ሃቱን በረድፍ ቮሊዩም 6 ወይም 7 አስቀምጠው። ስኔሩን ለአራተኛው ዙር መጨረሻ ቆጥበው፣ በየዙሩ አትጠቀምበት።

"ትንሽ ይዘገያል" ላሉት ደግሞ የኖት ማዘግያ ኢፌክት አለ። ረድፍ 6 ላይ በ1 አስገባው። አንድ ቲክ ብቻ ይዘገያል፣ ከ1 ሰከንድ አንድ ስልሳኛ ነው። ኖይዙንም ትራያንግሉንም እኩል ማዘግየት አትርሳ፣ አለዚያ እጁና ቆዳው ለየብቻ ይሰማሉ።

ዲፒሲኤም ነክቼ አላውቅም ብለሃል። ይህ ሥራ ካለቀ በኋላ ሞክረው። አንድ ሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ) ቢበዛ 4081 ባይት ነው፣ በከፍተኛው ፍጥነት፣ 33 ኪሎኸርዝ ገደማ፣ ወደ 1 ሰከንድ የሚጠጋ ድምፅ ይይዛል። አንድ የከበሮ ምት ከዚያ በጣም ያጥራል። እኔ የጎረቤቴን ከበሮ በስልክ ቀድቼ አስገብቼ አውቃለሁ። ሻካራ ሆኖ ነው የወጣው፣ ግን ቤት ውስጥ ያለ ከበሮ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ሳምፕል በሦስት ሥራ ላይ ተጠቅሜበታለሁ።

ስትጠቀመው ግን አንድ ነገር አስተውል። ዲፒሲኤሙ፣ ትራያንግሉና ኖይዙ ቺፑ ውስጥ አንድ መውጫ ይጋራሉ። ሳምፕሉ ሲያልቅ ደረጃው ከፍ ብሎ ከቆመ ትራያንግሉና ኖይዙ ይቀንሳሉ። ሰው ይህን ሳያውቅ "ቤዜ ለምን ደከመ" ብሎ ይጨነቃል። የሚያውቁት ደግሞ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ያን ደረጃ የሚወስን ኢፌክት አለ፣ ከ0 እስከ 127፣ ከፍ ስታደርገው ትራያንግሉ ዝግ ይላል። ፐልስ25 ትራያንግል ቮሊዩም የለውም ያለችው እውነት ነው፣ ግን ይህቺ የጓሮ በር አለች።


ፐልስ25፦

አዎ አለች፣ ግን ገና አራት ወሩ ነው፣ መጀመሪያ ያለሷ ይልመድ። ደረጃው በድንገት ሲቀየር ደግሞ "ጧ" የሚል ድምፅ ያመጣል።


ጀማሪው_8ቢት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። ቅዳሜን ሙሉ በዚህ ነው ያሳለፍኩት።

ፓተርኑን 48 ሳደርገው መደናቀፉ ወዲያው ጠፋ። ስንት ጊዜ ዜማውን ደጋግሜ እንደጻፍኩት ብታውቁ፤ ችግሩ እዚያ መስሎኝ ነበር። 2ንና 5ን ባዶ ስተዋቸው ደግሞ ከበሮው ራሱ ተቀየረ። ምንም ድምፅ አልጨመርኩም፣ ቀነስኩ እንጂ። ኖይዙ ከበፊቱ ያነሰ ጊዜ ነው የሚመታው፣ ግን አሁን ይበልጥ ይሰማል። ጠባቡን አፍ በአንድ ቲክ ሳዘገየው ልዩነቱ ይሰማል ብዬ አልጠበቅሁም። አጥፍቼ አብርቼ ስሰማው ትከሻዬ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሚክሱም ከታች ወደ ላይ ሲሠራ ቀላል ነው። ዜማዬ 11 ላይ፣ ማሚቶው 4 ላይ ቆመ። ቤዙን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጌዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ቤዙ ረጅም ኖት ሲይዝ ኪኩ መሀል ላይ ገብቶ ይቆርጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ወደ ዌቭ የድምፅ ፋይል ካወጣሁት በኋላ ግራና ቀኝ ልከፋፍለው ወይስ እንዳለ ልተወው?


ስምንተኛው_ቲክ፦

አንደኛው ቀላል ነው። ከኪኩ በኋላ ባለው ረድፍ የቤዙን ኖት ከነኢንስትሩመንቱ እንደገና ጻፈው። ትራያንግሉ ስለ በፊቱ ኖት አያስታውስም፣ አንተ ነህ የምትመልሰው። ረጅም ኖቱ በጣም የሚያምርበት ቦታ ካለ ደግሞ እዚያ ጋ ኪኩን በኖይዝ ብቻ ምታውና ቤዙን ተወው። ለአንድ ዙር ማንም አይጎድለውም።

ስለ ግራና ቀኝ፦ እኔ አልከፍልም። ፋሚኮም አንድ መውጫ ነው ያለው፣ ሁሉም መሀል ላይ ነው። ግራና ቀኝ የሚያምርህ ከሆነ ጌም ቦይ ላይ ሥራ፣ እሱ እያንዳንዱን ቻናል ግራ፣ ቀኝ ወይም መሀል ማድረግ ያስችላል። ሞኖ ላይ ደርቦ ማስማማት ስትችል የትም ቦታ ትችላለህ።


ፐልስ25፦

እኔ በዚህ አልስማማም፣ ግን በትንሹ። ሰው የሚሰማህ በኤርፎን ነው፣ ሁሉም ነገር መሀል ጭንቅላት ላይ ሲቆለል ያደክማል። እኔ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ለየብቻ አወጣና ትራያንግሉንና ኖይዙን መሀል እተዋለሁ፣ ዜማውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ማሚቶውን ትንሽ ወደ ቀኝ። ትንሽ ስል እውነት ትንሽ ነው። ክፍፍሉን ዘግተህ ስትሰማው ብቻ ልዩነቱን የምታውቀው ያህል። ከዚያ ወደ ሞኖ መልሰህ ስማው፣ ዜማው ካልደከመ ተሳክቶልሃል።

ስታወጣው ድምፁን እስከ ጣራ አትግፋው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቦታ ተውለት። ጫፍ ሲነካ ድምፁ ይሰነጠቃል። የላይኛው ድምፅ አሁንም ከበሳህ ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን በትንሹ አውርደው፣ ሁለት ዲሲቤል ይበቃል።

ከመልቀቅህ በፊት አንድ ሌሊት አሳድረው። ጠዋት ስልክህ ላይ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ሌላ ሥራ እየሠራህ ስማው። ረድፍ 4ና 10 ላይ ያሉት ሃይ-ሃቶች እንዳሉ ካወቅህ ግን ካልረበሹህ ልቀቀው፣ እዚህም አምጣልን፣ ጋሼም ይሰሙታል።